በመኪና አደጋ ለሞተ ሰው ቤተሰብ የሚከፈለው ካሳ፦ ከኢንሹራንሱ ሌላ የሚጠየቅ ነገር አለ?

የዕድር ጸሐፊ (ልደታ)

ሰላም ለሁላችሁ። የዕድራችን አባል የሆነ የ38 ዓመት አባወራ ከሜክሲኮ ወደ ልደታ በሚወስደው መንገድ ሲሻገር በጭነት መኪና ተገጭቶ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውስጥ አርፏል። አደጋው ከደረሰ አምስት ሳምንት ሆኗል። በአንድ የግል ድርጅት ንብረት ክፍል ይሠራ ነበር፤ በእጁ የሚገባው 12,000 ብር ነው። ባለቤቱ፣ የ9 እና የ4 ዓመት ልጆች፣ ደብረ ብርሃን ያሉ የ66 ዓመት እናቱ አሉ። የኮሌጅ ወጪዋን የሚሸፍንላት ታናሽ እህትም አለችው።

ከባለመኪናው በኩል ሽማግሌዎች መጥተው 150,000 ብር እንስጥና በእርቅ እንጨርስ ብለዋል። የሚፈረመው ወረቀት ተጽፎ መጥቷል። ለቤተሰቡ የተነገራቸው ደግሞ ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ትንሽ ስለሆነ ይህንን ቢቀበሉ ይሻላል የሚል ነው። ሾፌሩ በዋስ ወጥቷል፣ የወንጀል ጉዳዩ ገና ነው።

የምንጠይቀው፦ ቤተሰቡ ከኢንሹራንስ ውጭ መብት አለው ወይ? የወንጀሉ ፍርድ እስኪሰጥ መጠበቅ አለበት? ካሳው በምን ይሰላል? እህትየውስ ትካተታለች?

ጠበቃ ከቂርቆስ

ነፍስ ይማር። ከሁሉ በፊት ወረቀቱ እንዳይፈረም ያድርጉ። ሽማግሌዎቹን አክብራችሁ አስተናግዱ፣ ግን ለጊዜው ምንም አይፈረም። ምክንያቱን ከታች እጽፋለሁ።

ኢንሹራንሱና ካሳው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ባለመኪናው ከገባው ውልና ከመድን አዋጁ ጣሪያ ሳያልፍ ነው። የቤተሰቡ መብት ግን የሚነሳው ከፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ከውል ውጭ ኃላፊነት ከሚለው ክፍል ነው፤ እዚያ ለገቢ መቋረጥ የተቀመጠ ጣሪያ የለም። ኢንሹራንሱ ከሸፈነው በላይ ያለውን ሾፌሩና ባለንብረቱ ከኪሳቸው ይከፍላሉ።

ማን ላይ ነው ክሱ? ሾፌሩ በጥፋቱ (ቁጥር 2028)፣ የመኪናው ባለንብረት ደግሞ በቁጥር 2081። የ2081 ጥቅም ትልቅ ነው፦ ባለንብረቱ ምንም ጥፋት ባይኖርበትም፣ መኪናውን ያልፈቀደለት ሰው ቢነዳውም ይጠየቃል። መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካላስረዳ በቀር፣ በቁጥር 2086 የሚያመልጠው አደጋው በሙሉ ወይም በከፊል በሟቹ ጥፋት የደረሰ መሆኑን ሲያስረዳ ብቻ ነው። ፍሬን ተበጠሰ፣ ሌላ መኪና ገፋኝ፣ ዝናብ ነበር ማለት አያድነውም። ስለዚህ ሾፌሩ በወንጀል ነጻ ቢባል እንኳ የካሳው ክስ አይሞትም። ቁጥር 2149ም የወንጀል ፍርድ ቤት የሰጠው የነጻ ውሳኔ የፍትሐ ብሔሩን ዳኛ እንደማያስገድደው በግልጽ ይናገራል።

ባለንብረቱ ማን እንደሆነ ከሾፌሩ አፍ አትስሙ። ሊብሬው ላይ ያለው ስም ነው የሚፈለገው። መኪና በውክልና ተሸጦ ስሙ ሳይዞር ዓመታት መንዳት የተለመደ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ሊብሬው ላይ ያለውንም በእጁ ይዞ የሚጠቀምበትንም አንድ ላይ ክሰሱ። አንዱን ብቻ ከሰሳችሁ እሱ በሌላው ላይ ይጥለውና ስድስት ወር በዚያ ክርክር ያልቃል።

መጠበቅን በተመለከተ፦ አትጠብቁ። በቁጥር 2143 ይርጋው (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው። ድርጊቱ ወንጀል ሲሆንና የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ ይርጋ ሲኖረው ያ ይሠራል የሚል ንዑስ አንቀጽ አለ፤ ብዙ ቤተሰብ በእሱ ተማምኖ ይዘናጋል። ግን ባለንብረቱ «ወንጀል የሠራው ሾፌሩ ነው፣ ለእኔ ሁለት ዓመቱ ነው» ብሎ ይከራከራል። ገንዘቡ ያለው ደግሞ እሱ ጋ ነው። የወንጀል ቀጠሮ በምስክር አለመቅረብ ብቻ ዓመት ይገፋል። በሁለት ዓመት ውስጥ፣ ቢቻል በስድስት ወር ውስጥ መዝገብ ይከፈት።

በወንጀሉ መዝገብ ላይ የካሳ ጥያቄ አብሮ ማቅረብ ሕጉ ይፈቅዳል። ቤተሰቡ ገቢ፣ ድርሻ፣ የልጆች ዕድሜ እያለ ሲያስረዳ ግን የወንጀሉ ክርክር ስለሚጓተት ችሎቱ «በፍትሐ ብሔር ጠይቁ» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ለብቻው መክፈት ይሻላል እላለሁ። የወንጀሉን መዝገብ ግልባጭ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ቁጥር 145 ትእዛዝ አስቀርቡት፤ የፖሊሱን ምርመራ፣ ፕላኑን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ)፣ የአስከሬን ምርመራ ውጤቱን ይዞላችሁ ይመጣል።

የሚከሰሰው ገንዘብ ከ10 ሚሊዮን ብር እስካልበለጠ ሥልጣኑ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። የዳኝነት ክፍያ የመክፈል አቅም ከሌለ በደሃ ደንብ (ከሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 467 ጀምሮ) መክፈት ይቻላል። ከወረዳ የድህነት ማስረጃ፣ ያለን ንብረት በሙሉ የዘረዘረ ቃለ መሐላ ያስፈልጋል። ዝርዝሩ ውስጥ የባንክ ሒሳብ ቢዘነጋና ተከሳሽ ቢያገኘው ፈቃዱ ይነሳል፤ ስለዚህ 300 ብር ያለበት ደብተርም ይጻፍ።

አሁን ስሌቱ። ቁጥር 2095 የሚለው ባል ወይም ሚስት፣ ወደላይ የሚቆጠሩ (አባት፣ እናት፣ አያት)፣ ወደታች የሚቆጠሩ (ልጅ፣ የልጅ ልጅ) በሞቱ ምክንያት የደረሰባቸውን ጉዳት በራሳቸው ስም ይጠይቃሉ፣ ካሳውም በቀለብ መልክ ነው። ቁጥር 2096 ከእነዚህ ውጭ ያለ ሰው ሟቹ ይረዳው የነበረ ቢሆን እንኳ እንዳይጠይቅ ይዘጋል። እህትየው እዚህ ላይ ትወድቃለች። ያሳዝናል፣ ግን ስሟን በከሳሽነት ማስገባት መዝገቡን ለመቃወሚያ ከማጋለጥ በቀር አይጠቅማትም።

ብዙ ጊዜ የሚታየው ስሌት ወርኃዊ ገቢ ሲባዛ በ12 ሲባዛ እስከ ጡረታ በቀረው ዓመት የሚል ነው። በናንተ ጉዳይ 60 ሲቀነስ 38፣ 22 ዓመት። ሟቹ ለራሱ የሚያወጣው አንድ ሦስተኛ ቢቀነስ 8,000 ብር ይቀራል፤ 8,000 በ12 በ22 ሲባዛ 2,112,000 ብር። ይህንን እንዳለ አምጥታችሁ ብታስቀምጡ ተከሳሽ ወዲያው ያፈርሰዋል፤ የ9 ዓመቱ ልጅ 22 ዓመት ቀለብ አይቆረጥለትምና። ለእያንዳንዱ ለይታችሁ ጻፉ። ለምሳሌ ለሚስት 3,000፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 2,000፣ ለእናት 1,000 ብር በወር ብንይዝ፦

ሚስት፦ 3,000 × 12 × 22 = 792,000
የ9 ዓመቱ ልጅ እስከ 18፦ 2,000 × 12 × 9 = 216,000
የ4 ዓመቱ ልጅ እስከ 18፦ 2,000 × 12 × 14 = 336,000
እናት፣ 10 ዓመት ቢያዝ፦ 1,000 × 12 × 10 = 120,000

ድምር 1,464,000 ብር። ከፊተኛው ያንሳል፣ ግን እያንዳንዱ ቁጥር ምክንያት ስላለው ዳኛው ፊት ይቆማል። ሟቹ ሩብ ያህል ጥፋት ነበረበት ቢባል (ቁጥር 2098) 1,098,000 ይሆናል። ችሎቱ ልኩን ማወቅ ሲያቅተው በቁጥር 2102 በርትዕ (ተገቢ መስሎ በታየው መጠን) ይቆርጣል፤ ማስረጃ በሳሳ ቁጥር የርትዑ ቢላ ወደ ታች ነው የሚቆርጠው። በወር በወር ይከፈል ማለትም ይቻላል፣ ግን ባለዕዳው ዋስትና ማስያዝ አለበት፣ ባለመኪናውም ነገ መኪናውን ሊሸጥ ይችላል። በአንድ ጊዜ እንዲከፈል ጠይቁ። ከፍርዱ ቀን ጀምሮ 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድም በዳኝነት ጥያቄው ውስጥ ይግባ፤ ሳይጠየቅ የሚሰጥ የለም።

የኅሊና ጉዳት ካሳን ብዙ አትጠብቁ። በ1952ቱ ሕግ ቁጥር 2116 ጣሪያው 1,000 ብር ነው፣ ለቤተሰቡ በሙሉ። ሕጉ ሲወጣ 1,000 ብር ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የአንድ ሰው ሕይወት ሐዘን በዚህ መለካቱ ሊሻሻል የሚገባው ነገር ነው። ቢሆንም ጠይቁ፣ መብት ነው።

አንድ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚሮጠው የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ነው። ይህ ካሳ ግን ውርስ አይደለም፤ ቁጥር 828 በሞቱ ምክንያት ለዘመድ ወይም ለትዳር ጓደኛ የሚሰጥ ካሳ በውርሱ ውስጥ እንደማይገባ ይናገራል። ስለዚህ የሟቹ አበዳሪ ሊይዘው አይችልም፤ ክሱም «እኛ ወራሾች» ተብሎ መጻፍ የለበትም። «እኔ ሚስቱ በራሴ፣ እንዲሁም ለአካለ መጠን ላልደረሱት ልጆቼ ሞግዚት ሆኜ» ተብሎ ይጻፋል። የሚፈለገው የጋብቻና የልደት ማስረጃ ነው። ከመሞቱ በፊት የወጣ የሕክምና ወጪና የተበላሸ ንብረት ግን የውርሱ ነው፤ ለዚያ ወራሽነቱ ያገለግላል።

የካሳ ክፍል ሠራተኛ

ከኢንሹራንስ በኩል ያለውን ልጨምር።

የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለሞት ከ5,000 ያላነሰ፣ ከ40,000 ብር ያልበለጠ ብሎ አስቀምጦ ነበር። የአስቸኳይ ሕክምና ወጪ 2,000 ብር ለብቻው ነበር። እንዲህ ያለ ጣሪያ በሕግ ስለሚከለስ አደጋው በደረሰበት ቀን ይሠራ የነበረውን መጠን ከኩባንያው በጽሑፍ ጠይቁ። ከዚያ ይልቅ የሚረሳው ይህ ነው፦ የጭነት መኪና ባለቤቶች ብዙዎቹ ከግዴታው በላይ ሙሉ ሽፋን ይገዛሉ፣ በዚያ ውል ውስጥ የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ጣሪያው ከግዴታው ከፍ ሊል ይችላል። መኪናው ላይ በተለጠፈው የመድን ምልክት ያለውን አይታችሁ አትመለሱ፤ ሙሉው ፖሊሲ ከነአባሪው እንዲቀርብ ፍርድ ቤቱን ትእዛዝ ጠይቁ። ኩባንያው በአንድ ላይ ካልተከሰሰ ባለመኪናው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ቁጥር 43 ወደ ክርክሩ ያስገባዋል፤ ያ አንድ ሁለት ቀጠሮ ይበላል። ከመጀመሪያው ሦስተኛ ተከሳሽ አድርጉት።

ኩባንያው የሚጠይቀው፦ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና ፕላን፣ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የአስከሬን ምርመራ ውጤት፣ የጋብቻና የልደት ማስረጃ፣ የሞግዚትነት ማስረጃ። ሚስትየው በሕግ የልጆቿ ሞግዚት ናት፣ ግን ክፍያ ክፍሉም ባንኩም የፍርድ ቤት ወረቀት ይፈልጋሉ። በአዲስ አበባ ሞግዚትነትም ወራሽነትም የሚወጣው ከከተማው ፍርድ ቤት ነው። የሞት ምዝገባ በ30 ቀን ውስጥ በወረዳው ወሳኝ ኩነት መሆን ነበረበት፤ አምስት ሳምንት ስላለፈ ዘግይቷል፣ የሆስፒታሉንና የቀብሩን ማስረጃ ይዛችሁ ነገ ሂዱ። ስሙ በሁሉም ወረቀት አንድ ዓይነት መሆኑን ፊደል በፊደል አስተያዩ። መታወቂያው «ኃይለ» ብሎ የሆስፒታሉ ወረቀት «ሀይሉ» ካለ መዝገቡ ከክፍያው ጠረጴዛ ላይ ይመለሳል።

ኩባንያው ሲከፍል የሚያስፈርመው የመልቀቂያ ሰነድ አለ። «በኩባንያው ላይ» ብቻ የሚል መሆኑን አንብቡ። «በደንበኛውና በሾፌሩም ላይ ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል መስመር ካለ ሰርዘው ይፈርሙ፣ አለዚያ አይፈርሙ። ለገቢው ካሳ የሚጠየቁት እነሱ ናቸው።

ፕላኑን ደግሞ አሁኑኑ እዩት። የግጭቱ ነጥብ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ስንት ሜትር ነው? ከዜብራው ስንት? የፍሬን ምልክቱ የሚጀምረው ከግጭቱ ነጥብ በፊት ነው በኋላ? ከግጭቱ በኋላ የሚጀምር የፍሬን ምልክት ሾፌሩ ሰውየውን ሳያየው እንደገጨው ያሳያል፣ የሟቹን ጥፋት ለማግዘፍ የሚመጣውን ክርክር ያዳክማል። የጎደለ ልኬት ካለ መርማሪው እንዲያሟላ ማመልከቻ አስገቡ። በዚያ መንገድ ባንክና ሕንፃዎች ስላሉ የደኅንነት ካሜራ ይኖራል፤ ቅጂው በራሱ ላይ እየተጻፈበት ስለሚጠፋ አምስት ሳምንት ብዙ ነው። ፖሊስ ደብዳቤ እንዲጽፍ ዛሬ ይጠየቅ።

ለሌላ አንባቢ ይጥቀም ብዬ፦ ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና ከሆነ ጥያቄው የሚቀርበው ለመንገድ ደኅንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ነው። መኪናው አለመታወቁን ወይም መድን እንደሌለው የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ ያስፈልጋል።

የዕድር ጸሐፊ (ልደታ)

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሁለት ነገር ልጨምር። ሰውየው በዚያ ሰዓት ከመሥሪያ ቤቱ ተልኮ ዕቃ ሊያመጣ ሲሄድ እንደነበር አሁን አጣርተናል። ሌላው፣ ደመወዙ 12,000 ይሁን እንጂ መሥሪያ ቤቱ ለጡረታ ያሳወቀው ያነሰ መሆኑ ተሰምቷል። ዕድራችን የከፈለውስ ከካሳው ይቀነሳል?

ማኅበራዊ ዋስትና

ተልኮ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ በር ይከፍታል። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው፤ ከግቢ ውጭም ቢሆን አሠሪው ባዘዘው ሥራ ላይ ነበርና። ማን እንደላከው፣ የዕቃ ማውጫ ወይም የግዢ መጠየቂያ ወረቀት፣ የመውጫ ፈቃድ፣ የስልክ መልእክት ካለ ይያዝ። ንብረት ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት በየቀኑ ይቆረጣል፤ ቅጠሉ ከጥራዙ ሳይጠፋ ፎቶ ይነሳ።

ሠራተኛው በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ከታቀፈ (አሁን ያለው አዋጅ 1268/2014 ነው) ጥያቄው ለግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ይቀርባል። ለተተኪዎች የሚታሰበው ለሚስት የአበሉ 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ነው። ጡረታ ያልገባለት ከሆነ ግን አሠሪው ራሱ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የአምስት ዓመት ደመወዝ ለጥገኞች ይከፍላል፤ የቀብር ወጪም ለብቻው አለ። ክፍፍሉ ለሚስት 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ በነፍስ ወከፍ 10፣ ሟቹ ይጦራቸው ለነበሩ ወላጆች ለእያንዳንዳቸው 10 ነው። ይህ ባለመኪናውን ከመክሰስ ጋር የተለየ መንገድ ነው፤ የሥራ ክርክር ይርጋ ግን አጭር ነው፣ በዓመት ሳይሆን በወራት አስቡት። የቀረ ደመወዝ፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ፣ የሥራ ስንብት ክፍያው አሁኑኑ በጽሑፍ ይጠየቅ፣ የደረሰኝ ፊርማ ይያዝበት።

ደመወዙ ዝቅ ተደርጎ መታወቁ ሁለት ቦታ ይጎዳል፦ የጡረታ አበሉ ያንሳል፣ በካሳው ክስ ደግሞ ተከሳሽ ያንን ወረቀት አቅርቦ «ገቢው ይህ ነው» ይላል። መድኃኒቱ የባንክ ስቴትመንት ነው። ወር በወር 12,000 የገባበት የ12 ወር ስቴትመንት በባንኩ ማኅተም ከወጣ ከአሠሪው ደብዳቤ የበለጠ ይናገራል። በእጅ የሚከፈል ከነበረ የደመወዝ መክፈያ ሉሁ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይቅረብ፣ አብረውት የሚፈርሙ ባልደረቦች ይመስክሩ።

ጠበቃ ከቂርቆስ

ዕድሩ የከፈለው አባሉ እያዋጣ ያቆየው ገንዘብ ነው፤ ባለመኪናው ከሱ የሚጠቀምበት ምክንያት የለም። ተከሳሽ እንዲቀነስ ካነሳ ቁጥር 2093ን አመልክቱ፤ መድን ያለው ተጎጂ መድን እንደሌለው ሆኖ ሙሉ ካሳውን እንደሚጠይቅ የሚያስቀምጠው ድንጋጌ ለዚህም መከራከሪያ ይሆናል።

ስለ እርቁ ቃል የገባሁትን ልጻፍ። የመጣው ወረቀት ላይ «ካሁን በኋላ በዚህ ጉዳይ በማንኛውም ፍርድ ቤት ጥያቄ አላቀርብም» የሚል ካለ፣ ከተፈረመ በኋላ ለሚስቲቱ የተዘጋ በር ነው፤ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ስምምነትን ሕጉ ይቀበለዋል። በልጆቹ ድርሻ ላይ ግን ሞግዚቷ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መስማማት አትችልም። ይህንን ለሽማግሌዎቹ በጨዋነት ንገሯቸው፣ ከባለመኪናው ጠበቃም አይሰወርም። የደብረ ብርሃኗ እናትም ካልፈረሙ መብታቸው አለ፤ ስለዚህ 150,000ው ለባለመኪናውም ሰላም አይገዛለትም።

እርቁን ጨርሶ አትግፉት። ሁለቱም ወገን ቢስማማ ጥሩ መንገድ ነው፣ ዓመታት ያተርፋል። ግን እንዲህ ይሁን፦ ክሱ ይከፈት፣ ስሌቱ ተያይዞ ይቅረብ፣ ከዚያ ስምምነቱ በችሎቱ ፊት ተመዝግቦ እንደ ፍርድ ይጽደቅ፣ የልጆቹ ድርሻ በስማቸው በባንክ ይቀመጥ። ለለቅሶው መርጃ ብለው አሁን የሚሰጡት ገንዘብ ካለ «ለቀብርና ለተዝካር እርዳታ፣ ካሳን የማይነካ» ተብሎ ደረሰኝ ይጻፍለት። ይህች መስመር ብዙ ክርክር ታስቀራለች።

የመጨረሻው አስቸኳይ ነገር መኪናው ነው። ፖሊስ ጋ ቆሞ ከነበረ በዋስ ይለቀቃል፣ ከተለቀቀም በኋላ በሳምንት ውስጥ ስሙ ሊዞር ይችላል። ክሱ በሚከፈትበት ቀን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ቁጥር 154 የዕግድ ማመልከቻ በቃለ መሐላ ተደግፎ አብሮ ይግባ፤ ሽማግሌ መላካቸውና ለመጨረስ መቸኮላቸውም በቃለ መሐላው ይጠቀስ። ትእዛዙ ሲወጣ በመዝገብ ቤት በኩል እስኪላክ አትጠብቁ፤ ይዛችሁ ሰሌዳውን ወደ ሰጠው የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ቅርንጫፍ ራሳችሁ አድርሱ፣ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን በግልባጩ ላይ አስጽፋችሁ ተመለሱ።